ጠርዙ ነጭ አለው?

ክሎሮፎርም ጣፋጭ ነገር ነው የሚሸተው። መጀመሪያ የበሰለ ፍራፍሬ ይመስላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፍራፍሬ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ባለፈው ሳምንት መገናኛ አካባቢ ዝናብ ይዞኝ፣ ማስታወቂያ የሚሠሩባት አንዲት ጠባብ ሱቅ በረንዳ ላይ ስቆም ይኸው ሽታ መጣብኝ። ዞር ስል አንድ ወጣት ሁለት ቁራጭ ፕሌክሲግላስ፣ ያን መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ፣ አጋጥሞ በተጋጠሙበት መስመር ላይ በስስ መርፌ ውሃ የመሰለ ነገር ጠብ ያደርጋል።

"ምን ፈልገሽ ነው እህት?" አለኝ።

"ምንም። ዝናቡ እስኪያባራ ነው።"

"ሽታው ጥሩ አይደለም፣ ወደ ውጭ ጠጋ በይ።"

"በዚህ ዝናብ ነጭ አይይዝብህም?"

መርፌውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። "ሠርተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?"

"እናቴ ሠርታ ታውቃለች።"

"ሙያዋ ነው?"

"አይደለም። ሳምቡሳ ነው የምትሸጠው።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዝናቡ ቀጠለ።

ነገሩ የሆነው ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ክፍል ባለፍኩበት ክረምት ነው። የምንኖረው ኮተቤ ነበር፤ ከአስፋልቱ በላይ፣ ታክሲ ካወረደን በኋላ ድንጋያማውን አቀበት ወጥተን። ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ እኔና እናቴ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። እናቴ ዘይነብ ትባላለች። ከስልጤ ነው የመጣችው። ጠዋት የሱብሂን ሶላት ሰግዳ ሳምቡሳዋን ትጠብስና ላምበረት መናኸሪያ ትወርዳለች። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄዱት መንገደኞች ከመሳፈራቸው በፊት በሩ ላይ ከእሷ ይገዛሉ።

ሳምቡሳ ስትጠቀልል እጇን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ስሱን ሊጥ ሦስት ማዕዘን አድርጋ ታጥፍና ምስሩን ትሞላለች፤ ከዚያ በጣቷ ጫፍ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ትነካና ጠርዙ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ታሳልፋለች። ሁለተኛ አትመለስበትም። ከሌላ ሰው ጋር እያወራችም፣ ዓይኗ በር በሩን እያየም እጇ አይሳሳትም።

መናኸሪያው በር ላይ ሥርዓት የሚያስከብር ቢጫ ሰደርያ የሚለብስ ሰውዬ ነበር። ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም "ቢጫው" ነው የሚለው። በሐምሌ መጨረሻ ላይ መጥቶ እናቴ ፊት ቆመ። ትምህርት ስለሌለ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

"ዘይነብ፣ ስሚኝ። ከአዲስ ዓመት ጀምሮ እዚህ በር ላይ ያልተከደነ ምግብ አይሸጥም።"

"በላስቲክ ከድኜው የለ እንዴ?"

"ላስቲክ አላልኩም። ሳጥን ነው። ውስጡ የሚታይ ሳጥን። ሰው የሚበላውን አይቶ ይግዛ።"

"ካጣሁስ?"

"ቦታሽን ሳጥን ላላት እሰጣለኋ። ምን ላድርግ?"

ቢጫው ይህን ያለው ትልቁን ሳምቡሳ በቀላሉ ለይቶ እንዲወስድ ነው ብዬ አመንኩ። እንዲያውም ለእናቴ ነገርኳት፤ ዝም በይ አለችኝ። ቦታው ለእሷ ምን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። ከበሩ ትንሽ ራቅ ብለው የሚሸጡት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲጣሩ ይውላሉ፤ በሩ ላይ ያለች ግን መጣራት አያስፈልጋትም።

እናቴ መጀመሪያ የመስታወት ሳጥን አሠራች። በመጀመሪያው ቀን አንድ ተሸካሚ ፍራሽ ተሸክሞ ሲያልፍ ፊቱ አይታየውም ነበርና ገጨው። ስብርባሪው ምስር ውስጥ ገባ። ያን ቀን የተጠበሰው በሙሉ ተደፋ። እናቴ አላለቀሰችም። "መስታወት ለመናኸሪያ አይሆንም" ብቻ አለች።

የማይሰበር መስታወት ያላቸው ጋሽ ገመቹ ነበሩ።

ጋሽ ገመቹ ግቢው ውስጥ ማዶ ካለው ቤት ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። አባታቸው ገብስ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከበራቸው ላይ ሆነው በከዘራ ያሳዩን ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ኮሌጅ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የሠሩት። አልጋቸው ሥር ሁለት ፊቱ ወረቀት የለበሰ ፕሌክሲግላስ ደርድረዋል፤ ላብራቶሪው ሲታደስ የተረፈ ነው ይላሉ። መስኮታቸው ላይ ራሳቸው በሠሩት ጥርት ያለ ሳጥን ውስጥ የእንቁራሪት አጽም ተቀምጧል። እንቁራሪቷ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ከስታ የሞተች ይመስለኝ ስለነበር ጋሼን እፈራቸው ነበር።

እናቴ ስትነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ሳጥን? ለሳምቡሳ?" አሉ። "እኔ ለፕሮፌሰር ነው ሳጥን የምሠራው።"

"ፕሮፌሰርም ሳምቡሳ ይበላል ጋሼ።"

"ይበላል" አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው። "ቶሌ። እንሠራለን።" ጋሼ ሲደሰቱም ሲቆጡም ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ። እሺ ማለታቸው ነበር።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ወረቀቱን መላጥ ለእኔ ተሰጠ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ ኖሮ አያውቅም። ጥግ ላይ በጥፍር ታነሺውና ስትስቢው ረጅም ድምፅ እያሰማ ይመጣል፤ ከሥሩ ምንም የሌለ የሚመስል ነገር ይወጣል። ጋሼ በስለት መስመር አስምረው፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርገው ጠቅ ያደርጉታል፤ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ይፈቀፍቁታል። ከዚያ ሁለቱን ቁራጭ አጋጥመው "ፀጉርሽን አምጪ" ይሉኛል። አንዲት ፀጉር ከራሴ ነቅለው መሐል ላይ ይሞክሯታል። ፀጉሯ ካለፈች እንደገና ይፈቀፍቃሉ። እናቴ "ልጄን መላጣ ሊያደርጓት ነው" ትላለች።

ከዚያ ለሙከራ መርፌው መጣ።

ጠርሙሱ ጥቁር ቡናማ ነው። በመርፌው ከውስጡ ንጹሕ ውሃ ሲስቡ አየሁ። መስታወት ታሞ ክትባት ሊወጉት ነው መሰለኝ። ስሙን ሲጠሩት ግን ደነገጥኩ። ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ባየሁት ፊልም አንድ ሰውዬ ክሎሮፎርም መሐረብ ላይ አድርጎ ሴትዮዋን አፍኖ ያስተኛታል። ስለዚህ ጋሼ ሊያስተኙን ነው።

"ማጣበቂያው ነው?" አለች እናቴ።

"ማጣበቂያ አትበይው!" አሉ ጋሼ፣ የተሰደቡ ያህል። "ማጣበቂያ መሐል ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይሄ ሁለቱን ጠርዝ ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ እሱ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል። አንቺ ልጅ፣ በሩን ክፈቺለት። መስኮቱንም። ሽታው እንዳይደርስሽ ከነፋሱ ወዲያ ዞረሽ ቁሚ።"

በሩን ከፈትኩለት። በየት በኩል እንደሚወጣ ለማየት ደፉ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆየሁ። ምንም አላለፈም።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሮጬ ሄድኩ።

"እማ! ጋሼ ተኙ!"

"እና ይተኙዋ።"

"ክሎሮፎርሙ ነው!"

"ክትፎው ነው" አለች እናቴ ቀና ሳትል። "እህታቸው ልካላቸው ነበር።"

ሳጥኑን የገጠሙት ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ በሚወርድበት ቀን ነው። እናቴ ቸኩላለች፣ ጋሼም መቸኮሏን አይተዋል። በራቸው አፍ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው በወረቀት ፕላስተር ጎኖቹን አሰሩና መርፌውን በየማዕዘኑ አስኬዱ። ፊታቸውን በጣም ያስጠጉ ነበር፤ አፍንጫቸው ሊነካው ይደርሳል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል፣ ከእንጦጦ በኩል የመጣው ጉም ግቢያችን ውስጥ ገብቶ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ሸፍኖታል።

ሲጨርሱ በጣታቸው ሳጥኑን አንኳኩ። "እንደ ምንጭ ውሃ!" አሉ። "እዪው ዘይነብ። የተጋጠመበት ይታይሻል?"

ይታይ ነበር። በየጠርዙ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ መስመር ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ሰፋ ብሎ ወደ መሐል ገብቷል። እኔ እንደ ነጠላ ጥለት ሆን ተብሎ የተሠራ መሰለኝና "ሲያምር!" ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቅንድቧን አንሥታ ዘጋችልኝ።

"እጅዎ ይባረክ ጋሼ" አለች።

በማግስቱ ላምበረት ይዘነው ወረድን። የመጀመሪያው ገዢ ሻንጣ የያዘ ሰውዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይሄ ሻጋታ ነው እንዴ?"

"ሻጋታ አይደለም ወንድሜ፣ ሳጥኑ ነው።"

"ሳጥን ይሻግታል?"

አጠገባችን ቦንቦሊኖ የምትሸጠው፣ ሙሉ የምትባለው ሴት፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ሰውዬው ከእሷ ገዛ። ከእሱ ኋላ የመጣችውም ሴትዮ አየችና አለፈች። ምስር የበዛበት ነገር ውስጥ ነጭ ካየህ አትበላም፤ አሁን ሳስበው እኔም አልበላም። ቢጫው ሲመጣ ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ዘይነብ፣ የሚታይ አልኩሽ እንጂ የሚያሳፍር አላልኩሽም።"

"አዲስ ዓመት ገና ነው።"

"ገና ነው። እስከዚያ ሌላ ፈልጊ።"

እናቴ ሳጥኑን በሻሽ ጠቅልላ ቤት አስገባችውና አልጋ ሥር ከተተችው። ወዲያው ጋሼ ከማዶ ተጣሩ።

"ዘይነብ! ሳጥኑን እንዴት አገኙት?"

"ሁሉም አደነቀው ጋሼ!"

ውሸት ሐራም ነው ያለችኝ እሷው ናት። ግራ ገባኝ። ማታውን ሳስብ ቆየሁና አንድ ነገር ገባኝ። ጋሼ የግራ ዓይናቸው ብሌን ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ቀኙም ላይ ጀምሯል። የግቢው ሴቶች ሞራ ነው ይላሉ። ሳጥኑም ላይ ያለው ያው ነጭ ነው። ከጋሼ ዓይን ተላልፎበት ነው ማለት ነው፤ አፍንጫቸው እስኪነካው ተጠግተውት አልነበር? እንግዲህ ሌላ ሳጥን ከተሠራም ይይዘዋል። ይህን ማጣራት ነበረብኝ።

ጠዋት እናቴ እንደወጣች ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

"ጋሼ፣ ሞራ ይተላለፋል?"

"ወደ ማን?"

"ወደ ፕሌክሲግላስ።"

ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ማን አለሽ?"

"የእኛም ሳጥን እንደርስዎ ዓይን ነጭ ወጥቶበታል። ሰዎቹ ሻጋታ ነው አሉ፣ አልገዙንም።"

ሳቃቸው ቆመ። ሬዲዮውን ዘጉት።

"አምጪው" አሉኝ።

አመጣሁላቸው። ወደ ብርሃን አነሡት፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣ አዘነበሉት። በጥፍራቸው ጠርዙን ተከትለው ሄዱ።

"የቱ ጋ ነው?"

"እዚህ።"

"ሌላስ?"

"ሁሉም ጋ ነው ጋሼ።"

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ገቡ፤ በሩን ከውስጥ ዘጉት። በዚያ ቀንም በማግስቱም ሬዲዮው አልተሰማም። እኔ ሞራው እንዳይተላለፍብን ነው የዘጉት ብዬ አመሰገንኳቸው።

እናቴ ያደረግሁትን ስትሰማ እጇ ዱቄት እንደሆነ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"ትመቺኛለሽ?" አልኳት።

"ለምን እመታሻለሁ? የጠየቅሽው ትክክል ነው። እኔ ግን በሌላ መንገድ ልነግራቸው ነበር።"

"በምን?"

"እሱን ነበር የማስበው" አለች።

ጊዜ አልነበረም። መንገድ ዳር አደይ አበባ ለመፈንዳት እየተዘጋጀ ነው፤ ላምበረት ላይ ቦንቦሊኖ ሻጯ ሙሉ አዲስ ሳጥን ይዛ መጥታለች፣ በሩ ሥር ያለውንም ቦታ በዓይኗ ትለካለች። እናቴ ጋሼ ቤት ሄዳ አንኳኳች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

"ሌላ ሰው ፈልጊ" አሉ በበሩ ቀዳዳ። "ከተማው ሠሪ ሞልቶታል።"

"ሌላ ሰው አላውቅም ጋሼ። ይክፈቱልኝ።"

ከፈቱ። ፂማቸው አድጓል።

"ዝናቡ ነው" አሉ ሰላም ሳይሉ። "ክሎሮፎርም ሲተን ጠርዙን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዝበታል፣ ያ ነው የሚነጣው። ኮሌጅም እያለን ዝናብ ሲዘንብ አንገጥምም ነበር።"

"ታዲያ እያወቁ ለምን ገጠሙት?"

"ቸኮልሽብኝ።" ፂማቸውን አከኩ። "ደግሞ ሲነጣ አየዋለሁ፣ ያኔ እተወዋለሁ ብዬ ነበር።"

የመስኮቱ እንቁራሪት ታየናለች።

"መርፌውን ለእኔ ይስጡኝ" አለች እናቴ። "እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልያዝ።"

"ይሄ ሳምቡሳ አይደለም!"

"አውቃለሁ። ሳምቡሳ በደንብ ካልተዘጋ ዘይት ውስጥ ይፈታል፣ ምስሩ ይበተናል፣ ዘይቱም ይበላሻል። የእርስዎ ነጭ ብቻ ነው የሚሆነው። የእርስዎ ይቀላል።"

ጋሼ ሊቆጡ ጀምረው ሳቅ አመለጣቸው። "ቶሌ" አሉ። "ደረቅ ቦታ ከየት እናመጣለን ግን?"

"በርበሬዬን የማደርቅበት አለ።"

ግቢያችን ጥግ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። የአከራያችን ልጅ ሞተሩን አውጥቶ ሸጦታል፤ ጎማውም የለም፣ ድንጋይ ላይ ነው ያለው። ለእኔ የመጫወቻ ቦታዬ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ "ላምበረት ላምበረት!" እያልኩ እንደ ወያላ ስጮህ እውላለሁ። ለእናቴ ደግሞ በክረምት በርበሬ ማድረቂያዋ ነው፤ ፀሐይ ትንሽ ብቅ ስትል ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል።

መጀመሪያ ግን ልምምድ ነበር። ጋሼ ቁርጥራጮች ሰጧት። እናቴ በመጀመሪያው አብዝታ አፈሰሰች፤ ሳምቡሳ የለመደ እጅ ስለሆነ ጠርዙ ካልረጠበ የሚጣበቅ አይመስላትም።

"ቀንሺ። አትግፊው" አሉ ጋሼ። "ጫፉ ላይ አስነኪው እንጂ አትግፊው። መንገዱን ያውቃል፣ ራሱ ይሄዳል።"

እውነትም ይሄድ ነበር። ሁለቱ ቁራጮች የተገናኙበት ላይ መጀመሪያ ግራጫ መስመር አለ። መርፌው ጫፉን ሲነካው ያ ግራጫ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሌላው እየሮጠ ይጠፋል። እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ስትሮጥ አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነው፣ ግን እንሽላሊቷ አትታይም፣ የምትበላው መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ጋሼ ይህን ማየት አይችሉም ነበር። "ደረሰ?" እያሉ ይጠይቃሉ። "ደረሰ" እላለሁ። ለካስ የመጀመሪያውን ሳጥን ሲሠሩ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም።

ዝናብ ያልነበረበት ጠዋት መጣ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ሆኖ ነበር። የተቆረጡትን ጎኖች ቀድመን ሚኒባሱ ውስጥ ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር ደረደርናቸው። ሲሞቁ የሚኒባሱን በርና መስኮቶች በሙሉ ከፍተን፣ እናቴና ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ መሐላቸው ጣውላ አደረጉ። እኔ በሩ ላይ፣ የወያላ ቦታዬ ላይ ቆምኩ።

የረሳነው በርበሬውን ነው። መቀመጫው ጨርቅ ውስጥ ገብቶ የቀረ ብናኝ ነበር። እናቴ መርፌውን ስታነሣ ጋሼ አስነጠሱ። ከዚያ እኔ። ከዚያ እናቴ፣ መርፌውን ወደ ውጭ አዙራ።

"ማንም እንዳያስነጥስ!" አሉ ጋሼ፣ እንባቸው እየወረደ። "ማስነጠስ የሚፈልግ ይውረድ!"

ሁላችንም ወርደን አስነጥሰን ተመለስን። ከዚያ ሥራው በእርጋታ ሄደ። እናቴ መርፌውን እንደ ሳምቡሳ ጠርዝ አንድ ጊዜ ብቻ ታሳልፋለች፤ ሁለተኛ አትመለስበትም። ጋሼ እያንዳንዱ ጠርዝ ሲያልቅ እኔን ይጠይቁኛል፦

"ነጭ አለው?"

ዓይኔን አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ አያለሁ። "የለውም።"

"በደንብ እዪ።"

"የለውም ጋሼ።"

"ወደ ብርሃን አዙሪው። አለው?"

"የለውም!"

ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተባባልን አላስታውስም። ነጭ ካለው አዲስ ዓመት ሲመጣ በሩ ላይ ሙሉ ናት የምትቀመጠው፤ ያን ያህል ገብቶኛል። የመጨረሻው ጠርዝ ላይ "የለውም" ስላቸው ጋሼ ማመን አቃታቸው መሰለኝ፣ አውራ ጣታቸውን ዘረጉና የፊት ለፊቱን ጎን ነኩት።

"ጋሼ!" አለች እናቴ። "አልደረቀም!"

ጣታቸውን ሰበሰቡ። "ምን ሆነ?"

እናቴ አየችኝ። ቅንድቧን አላነሣችም። እንድናገር ተወችኝ።

"የጣትዎ መስመር ቀረ" አልኩ። አውራ ጣታቸው በሙሉ እዚያ ነበር፤ ክብ ክቡ፣ መሐሉ ላይ የተቆረጠበት ጠባሳ ሳይቀር።

"ነጭ ሆነ?"

"አይ። ጥርት ያለ ነው።"

"አበላሸሁት" አሉ። "ይፈቀፈቅ። ወይ ይህን ጎን አንሥተን ሌላ እንቆርጣለን።"

"አይፈቀፈቅም፣ አይነሣም" አለች እናቴ። "እኔ ጊዜ የለኝም። ይልቅ እንፋሎት መውጫ በጀርባው ይብሱልኝ፤ ያኛው ሳጥን ውስጥ ሳምቡሳዬን ሲያልበው ነበር።"

"ውበቱን ያበላሸዋል እኮ!"

"ከበሱልኝ በኋላ አብረን እናዝናለን።"

በሱላት።

አዲስ ዓመት በዋለ ማግስት ላምበረት ወረድን። በሩ ላይ ሕዝቡ ከበዓል የሚመለስ፣ ለበዓል ያልደረሰ፣ ዶሮ ይዞ የሚሮጥ ነው። ሙሉ ቀድማን መጥታ ቦታችን ላይ ጆንያዋን አንጥፋለች። እናቴ ምንም ሳትላት ሳጥኑን ከሻሹ አወጣችና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። የጠዋት ፀሐይ ገብታበት ሳምቡሳዎቹ አየር ላይ የተደረደሩ ይመስሉ ነበር። ሙሉ አየችው፣ ጆንያዋን ጠቅልላ ትንሽ ፈቀቅ አለች።

ቢጫው መጣ። ጎንበስ ብሎ በየጠርዙ ተመለከተ። የጋሼ ጣት አሻራ ጋ ሲደርስ በሰደርያው ጫፍ ጠረገው። አልለቅ አለው። ምራቁን እንትፍ ሊል ሲል እናቴ ያዘችው።

"አይለቅም። ውስጡ ነው ያለው። የሠሪው ጣት ነው።"

"ሠሪውን ደግሞ ጣትህ እዚህ ምን ይሠራል አላላችሁትም?" አለ። እንደገና አየው። "በቃ ተቀመጪ።" ሳምቡሳም ወሰደ። ትልቁን ነበር የወሰደው፤ እኔ ቀድሜ አውቄ ነበር።

ረፈድ ሲል ከሰዉ መሐል ከዘራ አየሁ። ጋሽ ገመቹ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ፂማቸውን ተላጭተዋል። ብቻቸውን ታክሲ ይዘው መምጣታቸው ነው። እንደ ማንኛውም ገዢ ተራ ይዘው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ተናገሩ።

"ነጭ አለው?"

ዓይኔን አስጠጋሁ፤ እንደዚያ ቀን ትንፋሼን ያዝኩ። "የለውም ጋሼ።"

እጃቸውን ሰደው ፊት ለፊቱን ዳበሱ። አውራ ጣታቸው ቦታውን አገኘው፣ ልክ ገጠመ። ትንሽ እዚያው አቆዩት። ኋላቸው የቆመው መንገደኛ "አባት፣ ይገዛሉ ወይስ ይባርካሉ? አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው" አለ።

"አላየሁትም" አሉ ጋሼ፣ ለእናቴ፣ ሁሉም እየሰማ። "ዘይነብ፣ ሳጥንሽን አላየሁትም። ያኛውንም አላየሁትም።"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች እናቴ።

"ሐኪም ቤት ልሄድ ነው፣ ለዓይኔ። ዛሬ። ሐሳቤን ሳልቀይር ልጅቷን አውሺኝ። የታክሲውን ታፔላ የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"

እናቴ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። "ቃሪያ ያለበት ነው፤ ተጠንቅቀው ይብሉ" አለች። ለእኔ ደግሞ ነጠላዬን አስተካክላ "እጃቸውን እንዳትለቂ" አለችኝ።

ታክሲ መያዣው ጋ ሄድን። ጋሼ ቆመው እየበሉ ነበር። ሚኒባሶቹ ሲመጡ ግንባራቸው ላይ ያለውን ታፔላ አነብላቸዋለሁ፤ "ይሄ አይደለም… ይሄም አይደለም…" የእኛው ሲመጣ ወያላው አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩት፤ "መገናኛ! መገናኛ! መገናኛ!" ያ ጎማ የሌለው ሚኒባስ ላይ እንደምጮኸው አድርጌ ጮህኩ። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

"ያዢኝ እንግዲህ" አሉ ጋሼ፤ ለመሳፈር እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። አውራ ጣታቸው ጉንጬ አጠገብ ነበር። አሸተትኩት። ያ ጣፋጭ ሽታ የለም፤ ምስርና ቃሪያ ብቻ ነበር የሚሸተው።